አባቶቻችን በመከራ ቀን ዳዊትን እንዴት ደገሙ
(ለስግድ በዓል በአማርኛው የሬዲዮ ሥርጭት የተላለፈ ትምህርት)





እነሆ ከአስተስርዮ ጾም ጀምረን ስንቆጥር ሰባት ሳምንት አልፎ አምሳኛው ቀን ደረሰ፤ ይኸውም 29 ሔሽቫን ነው። በአገራችን ሳለን ይህን ቀን እንዴት እንውለው እንደ ነበር ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ገላችንን ታጥበን፣ ነጭ ልብሳችንን ለብሰን፣ በጾም ሆነን ከየመንደሩ እንሰበሰብ ነበር። ቀሳውስቱ ኦሪቱን ይዘው በጥላ ሥር ከፊት ይቀድማሉ፤ ሕዝቡም ይከተላል፤ ከሕዝቡም ስለ ትሕትናና ስለ ንስሐ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ነበር። በተራራው ላይ የሲናን ቃል ኪዳን፣ ደግሞም በነህምያ ዘመን ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በጾም ተሰብስቦ ኃጢአቱን የተናዘዘበትን ታሪክ በግዕዝ እናነባለን፤ በሚሰማውም ቋንቋ እንተረጕማለን። ፊታችን ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። ከሰዓት በኋላ በእልልታ ወርደን ዳቦውን ቆርሰን በአንድነት እንበላለን። ዛሬ ግን በዚያች በናፈቅናት ከተማ በአርሞን ሐናጺቭ ከፍታ ላይ ቆመን የመቅደሱን ተራራ በዓይናችን እያየን እንሰግዳለን። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ክኔሴት ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል። ስለዚህ ሁሉ አምላካችን የተመሰገነ ይሁን።

ነገር ግን በዚህ በዓል ላይ ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ ደስታው ብቻ አይደለም። ከበዓሉ አስቀድሞ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወደ እኛ መጥተው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «እናንተ ቀሳውስት ዳዊት ስትደግሙ፣ እግዚአብሔር በእርሱ የታመነውን ይጠብቃል ስትሉ እሰማለሁ። እኔም ታምኜ ነው ከቤቴ የወጣሁት። ሁለት ልጆቼን ሱዳን አፈር አልብሼ መጣሁ። እነሱንስ ስለ ምን አልጠበቃቸውም?» እኛም ያን ጊዜ መልስ አላገኘንም። እግዚአብሔር ያጽናዎ ብለን አጠገባቸው ተቀመጥንና ዝም አልን።

ጥያቄው ግን ከልባችን አልወጣም፤ የእርሳቸው ብቻ ጥያቄ አይደለምና። በየቤቱ ይህን ጥያቄ በሆዱ ይዞ የሚኖር ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን። አንዳንዱ መጠየቅ ኃጢአት መስሎት ዝም ይላል። አንዳንዱም መልስ በማጣት ጸሎቱን ትቷል። ስለዚህ ዛሬ ዳዊትን ገልጠን፣ የአባቶቻችንንም ታሪክ ከአጠገቡ አስቀምጠን፣ በመከራ ቀን በእግዚአብሔር መታመን ምን ማለት እንደ ሆነ አብረን እንመልከት።

አስቀድመን ስለ መጽሐፉ ጥቂት እንናገር። በአገራችን ዳዊትን የማያውቅ ቄስ አልነበረም። ልጅ ፊደል ከለየ በኋላ በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ መዝሙሩን በግዕዝ ይደግም ነበር። ቀን ከብት እየጠበቀ፣ ማታ በእሳት ብርሃን፣ ቃሉ ከብራናው ወደ ልቡ እስኪገባ ድረስ ይደግመዋል። እኛም እንዲሁ ተማርን። መምህሮቻችን ሲያስተምሩን፣ ብራና ይቃጠላል፣ ይዘረፋልም፤ በልብ የተጻፈውን ግን ሽፍታ አይወስደውም ይሉን ነበር። ኋላ በበረሃው መንገድ የቃላቸውን እውነት አየነው።

የግዕዙ ዳዊት 151 መዝሙር አለው፤ የዕብራይስጡ 150 ነው። ዕብራይስጡ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ብሎ የሚለየውን ግዕዙ አንድ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ከዚያ በኋላ አብዛኛው መዝሙር በአንድ ቍጥር ይለያያል። የልጅ ልጆቻችሁ ተሂሊም ሲያነቡ ቍጥሩ ከምታውቁት ጋር ባይገጥም አትደነቁ፤ መዝሙሩ ያው ነው። በዚህ ትምህርት የግዕዙን ቍጥር አስቀድመን የዕብራይስጡን እናስከትላለን።

ብዙ ሰው ዳዊት የምስጋና መጽሐፍ ብቻ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ ምስጋና አለበት። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለሚደግመው ሰው፣ በውስጡ የሚያለቅሰው ድምፅ እጅግ ብዙ ነው። 12ኛውን፣ በዕብራይስጡ 13ኛውን፣ መዝሙር አስቡ። አጭር ጸሎት ናት። ጸሐፊው መከራው መቼ እንደሚያበቃ አራት ጊዜ ደጋግሞ እግዚአብሔርን ይጠይቃል፤ እንደ ተረሳም ይናገራል። በመጨረሻ ግን በምሕረቱ መታመኑን ተናግሮ ይዘምራል። በዚህ መካከል ጠላቱ ሸሸ አይልም፤ በሽታው ተፈወሰም አይልም። የተለወጠ ነገር የለም፤ እርሱ ግን ልቅሶውን ወደ እግዚአብሔር ፊት አቅርቦ እንደ ጨረሰ ታመነ። ከዚህ የምንማረው መታመን ማለት መከራው የለም ማለት፣ ወይም አልጎዳኝም ማለት እንዳልሆነ ነው። መታመን ማለት ልቅሶህን ይዘህ ከእርሱ ፊት አለመሄድ ነው።

አባቶቻችን ይህን በመጽሐፍ ብቻ አላነበቡትም፤ ኖሩበት። የ43ኛው መዝሙር፣ በዕብራይስጡ 44ኛው፣ ነገር እንዲህ ነው። ሕዝቡ በአንድነት ቆመው፣ አባቶቻቸው የነገሯቸውን የጥንቱን ተአምራት ያስታውሳሉ። ወዲያውም ተመልሰው ዛሬ ግን በጦርነት እንደ ተሸነፉ፣ እንደ በግ እንደ ታረዱ፣ ለጎረቤቶቻቸውም መሳለቂያ እንደ ሆኑ ያመለክታሉ። ከዚያም አንድ ድፍረት ያለበት ነገር ይናገራሉ፤ ይህ ሁሉ ሲደርስባቸው እግዚአብሔርን እንዳልረሱ፣ ኪዳኑንም እንዳልካዱ ይመሰክራሉ። መዝሙሩ የሚያልቀው በልመና እንጂ በድል አይደለም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህ የእኛ ታሪክ አይደለምን? በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በንጉሥ ይስሐቅ ዘመን አባቶቻችን ተሸንፈው፣ የንጉሡን ሃይማኖት ያልተቀበለ ርስት እንዳይኖረው ተፈረደባቸው። በዚያው መቶ ዘመን አባ ሰብራ ተነሥተው በሆሃርዋ ምንኩስናን እንዳቆሙ፣ የጸሎቱንም ሥርዓት እንዳጸኑ አባቶቻችን ይተርካሉ። ርስት ሲወሰድ ጸሎት ጸና ማለት ነው። ከዚያም በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ሠርፀ ድንግል በስሜን ተራሮች ላይ ዘመተ። የንጉሡ የራሱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ፣ የተማረኩ ሴቶች በባርነት ከመወሰድ ይልቅ ራሳቸውን ወደ ገደል መወርወርን እንደ መረጡ ጽፏል። ይህን የጻፈው ወዳጅ አይደለም፤ የጠላት ጸሐፊ ነው። በ1620ዎቹ ደግሞ በንጉሥ ሱስንዮስ ዘመን የስሜኑ ጌዴዎን ወደቀ፤ ራስን በራስ ማስተዳደርም ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ እስከ እናንተ ዘመን ደርሷልና። መሬት የሌለው ሕዝብ ሆንን። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ። የሠራነውን ማረሻ ይገዙናል፤ እኛን ግን ፈላሻ፣ ቡዳ እያሉ ይሸሹን ነበር። በመዝሙሩ የተነገረው የጎረቤት መሳለቂያ መሆን ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ቅዳሜ እሳት ሳይነድ፣ ውኃ ሳይቀዳ ስንውል ይስቁብን ነበር። ያም ሆኖ ሰንበት አልተሻረችም። አባቶቻችን ዳዊቱን ሲደግሙ እንደ መዝሙሩ ሰዎች ሆነው፣ አልረሳንህም ብለው ለመናገር አፍ ነበራቸው።

አሁን ወደ ሌላ መዝሙርና ወደ ሌላ ዘመን እንለፍ። 76ኛው መዝሙር፣ በዕብራይስጡ 77ኛው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጸሎት ነው። ሌሊት እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፤ እግዚአብሔር ምሕረቱን ለዘለዓለም አቋርጦ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቃል። ከዚያ የቀድሞውን ዘመን ማስታወስ ይጀምራል፤ የባሕረ ኤርትራን መከፈል ያስታውሳል። በመጨረሻም አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይናገራል። የእግዚአብሔር መንገድ በባሕር ውስጥ እንደ ነበረ፣ የእግሩ ፈለግ ግን እንዳልታየ ይናገራል። መንገዱ አለ፤ የእግሩን ዱካ ግን የሚያይ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1860 የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን በአጼ ቴዎድሮስ ፈቃድ በመንደሮቻችን መስበክ ጀመሩ። ሃይማኖታችን ከውስጥ መናወጥ በጀመረች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሕሪ የሚባሉ መነኵሴ ተነሡ። የመመለሻው ቀን ደርሷል ብለው ሕዝቡን ሰብስበው፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ጉዞ ጀመሩ። ካርታ አልነበራቸውም፤ መርከብም አልነበራቸውም። ባሕረ ኤርትራ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ታመኑ። ወደ ትግራይ በወጡ ጊዜ ረኃብና በሽታ ጣላቸው፤ በየመንገዱ ብዙ ሰው ወደቀ። ባሕሩን አላዩም። የተረፉት ከፊሎቹ በትግራይ ቀሩ፤ ከፊሎቹም ወደ መጡበት ተመለሱ።

በልጅነታችን ይህን ታሪክ የሚተርኩልን ሽማግሌዎች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዳንዶቹ አባ ማሕሪ ተሳሳቱ፣ ጊዜው ሳይደርስ ሕዝብ አስጨረሱ ይሉ ነበር። ሌሎቹም ጊዜው ባይደርስም መንገዱ ያው ነው ይሉ ነበር። እኛ በአባ ማሕሪ ላይ አንፈርድም። ነገር ግን አንድ ነገር እንላለን፦ እነዚያ ተመላሾች ከነኀዘናቸው ወደ ቤታቸው ገብተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስግድ በደረሰ ጊዜ ያንኑ ተራራ ወጡ። ፊታቸውንም ወደዚያው አቅጣጫ አዞሩ። ባሕሩ ያልተከፈለለት ሰው ዳግመኛ ወደ ኢየሩሳሌም መስገዱ፣ ባሕሩ ከተከፈለለት ሰው መዝሙር አያንስም።

ጥቂት ሳይቆዩ ደግሞ ክፉ ቀን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ የሚያርስ ጠፋ፤ ዝናብም ቀረ። እስከ 1892 ድረስ በቆየው ረኃብ መንደሮች ባዶ ሆኑ፤ የመነኮሳቱም ማኅበር ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አላገገመም። ሆኖም ከዚያ ፍጅት የተረፉት ልጆቻቸውን ፊደል አስቈጠሩ፤ ዳዊትም አስደገሙ። ይህ ባይሆን ኖሮ እኛ ዛሬ የምንደግመውን ከማን በተማርነው ነበር? የልጅ ልጆቻቸውም ሽመላ ወደ ሰሜን ሲበር ባዩ ጊዜ እየሮጡ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት ይጠይቁት ነበር። ረኃብ ያንን ናፍቆት አልገደለውም።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው እናንተው በእግራችሁ የሄዳችሁበትን ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ይልቁንም በ1983 እና በ1984፣ ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ሌሊት እየወጣን ወደ ሱዳን ተጓዝን። ቀን በጫካ ተደብቀን፣ ማታ ተጓዝን። ሽፍታ ዘረፈን፤ ውኃ ጠማን፤ እናቶች ልጅ አዝለው ወንዝ ተሻገሩ፤ አሮጊቶች በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጡ አረፉ። ገዳሪፍና ኡም ራኩባ በደረስን ጊዜ ተገላገልን ብለን ነበር። የባሰው ግን በዚያ ቆየን። በመጠለያው ኩፍኝ፣ ወባና ተቅማጥ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ጨረሱ። ይሁዲነታችን እንዳይታወቅ ተደብቀን ነበርና ሙታናችንን እንደ ሥርዓታችን ለማልቀስ አልቻልንም። መቃብር ስንቆፍር ዳዊቱን በልባችን እንጂ በአፋችን አልደገምነውም፤ ድምፃችን እንዳይሰማ። በመንገድና በሱዳን ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 በሙሴ ዘመቻ ከ6 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ገቡ። ከዚያም ወሬው ተገልጦ በረራው በድንገት ተቋረጠ፤ አውሮፕላን ሲጠባበቁ የቀሩም ነበሩ።

እንግዲህ ከላይ የጠቀስናቸው እናት ያሉት እዚህ ላይ ነው። ለእርሳቸው የትኛውን መዝሙር እንድገምላቸው? እግዚአብሔር እንደ እረኛ የሚመራበትን 22ኛውን፣ በዕብራይስጡ 23ኛውን? እሱን ያውቁታል። ከቸነፈርና ከሌሊት ፍርሃት የሚጠብቀውን 90ኛውን፣ በዕብራይስጡ 91ኛውን? ጥያቄያቸው የመጣው ከዚያው ነው። ብዙ ካሰብን በኋላ ልባችን በ87ኛው፣ በዕብራይስጡ 88ኛው፣ ላይ ዐረፈ።

ይህ መዝሙር ከሁሉ የተለየ ነው። ሌላው የልቅሶ መዝሙር ዘወትር ማለት ይቻላል ሲያልቅ ወደ ምስጋና ይመለሳል፤ ይህ ግን አይመለስም። ጸሐፊው ከታናሽነቱ ጀምሮ እንደ ተጨነቀ ይናገራል። ከሙታን ጋር እንደ ተቈጠረ፣ ወዳጆቹም እንደ ራቁት ያመለክታል። በመጨረሻው ቃሉ ላይ ያለው ጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል የለም። የጥንት አባቶች ዳዊትን ሲሰበስቡ ይህን መዝሙር ሊያወጡት ይችሉ ነበር፤ ወይም በመጨረሻው ጥቂት ምስጋና ሊጨምሩበት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። እንዳለ ተዉት፤ በቅዱሱ መጽሐፍም መካከል አኖሩት። ከዚህም የተነሣ መጽናናት ያጣ ሰው ጩኸት ራሱ ጸሎት ተብሎ እንደሚቈጠር ተማርን። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ አንዲት ብርሃን ብቻ አለች፤ እርሷም በመጀመሪያው ናት። ሰውየው ነገሩን ሲጀምር እግዚአብሔርን የመድኃኒቱ አምላክ ብሎ ይጠራዋል፤ ቀንና ሌሊትም ወደ እርሱ ይጮኻል። መልስ አላገኘም፤ ግን ከሌላ ጋር አልተነጋገረም።

እናታችን ሆይ፣ ልጆችዎ ስለ ምን እንዳልተጠበቁ እኛ ልንነግርዎ አንችልም። በእነርሱ ኃጢአት ነው፣ ወይም በእርስዎ እምነት ማነስ ነው የሚልዎ ሰው ቢመጣ አይስሙት፤ የኢዮብ ወዳጆች እንዲህ ብለው ተገሥጸዋል። እርስዎ የጠየቁት ጥያቄ ግን እምነት ማጣት አይደለም። በዳዊት ውስጥ ቦታ አለው። አርባ ዓመት ያህል ይህን ጥያቄ ይዘው ሰንበትን ካልሻሩ፣ ሻማውንም ካላጓደሉ፣ መታመን ማለት ይህ ነው። እኛ ቀሳውስት ከእርስዎ እንማራለን እንጂ እኛ እርስዎን አናስተምርም።

ከዚህ ቀጥሎ የመመለሱን መዝሙር እንመልከት። የዳዊት 15 የመዓርግ መዝሙሮች በግዕዙ ከ119 እስከ 133 ናቸው፤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ሰዎች የሚዘምሯቸው ናቸው። ከእነርሱ አንዱ 125ኛው፣ በዕብራይስጡ 126ኛው፣ ነው። በመጀመሪያው ክፍል እግዚአብሔር የጽዮንን ምርኮ በመለሰ ጊዜ ሕዝቡ ሕልም ያዩ እንደ መሰላቸው፣ አፋቸውም ሳቅ እንደ ተሞላ ይነገራል። ይህን በዓይናችን አየነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ኢየሩሳሌም አገር ገቡ። ብዙ ሰው እንዲጫን የአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ በአየር ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ለአባ ማሕሪ ያልተከፈለችው ባሕር በላይዋ ታለፈች። ያ ሽማግሌ የጠበቁት መንገድ በባሕሩ ሥር ሳይሆን በሰማይ ነበረ። የእግሩ ፈለግ አልታየም የሚለው መዝሙር ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያን ቀን ገባን።

ነገር ግን መዝሙሩ በዚያ አያልቅም። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። የተመለሰው ያው ሕዝብ በሁለተኛው ክፍል እንደ ገና ምርኮአችንን መልስ ብሎ ይለምናል፤ ዘሩን ተሸክሞ እያለቀሰ ስለሚዘራ ሰውም ይናገራል። ከተመለሱ በኋላ ልቅሶ ለምን? ብንል፣ የእኛ ኑሮ ራሱ ይመልስልናል። በ1985 ይሁዲነታችን ተጠራጥሮ በገዛ አገራችን ተጠየቅን፤ ለሳምንታት በኢየሩሳሌም አደባባይ ተቀምጠን አቤት አልን። በ1996 ልጆቻችን የለገሱት ደም በስውር መጣሉ በተሰማ ጊዜ በአደባባይ አለቀስን። ቋንቋ ያጣ አባት በልጁ ፊት አነሰ። ልጆቻቸውን ለአገሩ ጦር ልከው የቀበሩ እናቶች አሉ። ዘመዶቻቸው በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራቸውን ሲጠብቁ እነርሱ እዚህ እንጀራው የማይዋጥላቸው አሉ። ይህ ሁሉ መመለሳችንን ሐሰት አያደርገውም። መዝሙሩ ሁለቱን በአንድነት አስሮ ይዟል፤ ሳቁም እውነት ነው፣ ልቅሶውም እውነት ነው። ደግሞም ያ የሚያለቅስ ሰው እጁ ባዶ አይደለም፤ ዘር ይዟል። ልቅሶው ከመዝራት አላገደውም።

እንግዲህ እኛ ሽማግሌዎች የያዝነው ዘር ምንድር ነው? ይህን የሚነግረን 70ኛው መዝሙር፣ በዕብራይስጡ 71ኛው፣ ነው። በእርጅናው ያለ ሰው ይጸልያል። ኃይሉ ሲያልቅ፣ ሽበት ሲወርሰው እግዚአብሔር እንዳይጥለው ይለምናል። ነገር ግን የሚለምነው ዕረፍት ለማግኘት ወይም ዕድሜ ለመቀጠል ብቻ አይደለም። የእግዚአብሔርን ክንድ ለሚመጣው ትውልድ እስኪነግር ድረስ እንዲያቆየው ይለምናል። ሽማግሌ ሥራ አለው ማለት ነው።

የእናንተ ሥራ ይህ ነው፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን። የልጅ ልጆቻችን ታሪካችንን የሚማሩት ከዘመቻው ስም ነው፤ ሙሴ፣ ሰሎሞን እያሉ። አውሮፕላኑን ያውቁታል፤ እግራችሁን ግን አያውቁትም። ዕብራይስጡ ያዳግተናል፣ እነርሱም አማርኛውን አይሰሙም ብላችሁ ዝም አትበሉ። የሕፃኑን ተሂሊም አስወጡት፤ እርሱ በዕብራይስጥ ያንብብ፣ እናንተም ያንኑ መዝሙር በአገራችሁ ቋንቋ ትርጕሙን ንገሩት። ቍጥሩ ባይገጥም አብራችሁ ፈልጉት፤ በመፈለጉ ውስጥ ትተዋወቃላችሁ። በሱዳንና በመንገድ የቀሩትን በየስማቸው ጥሩላቸው፤ ከየትኛው መንደር እንደ ነበሩ፣ የማን ልጅ እንደ ነበሩ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሄርጽል ተራራ ላይ ለእነርሱ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን፣ በ28 ኢያር፣ ይታሰባሉ። ድንጋይ ግን ስም አይጠራም፤ ስም የሚጠራ አፍ ነው።

ልቅሶአችሁንም አትደብቁባቸው። ብዙዎቻችን ልጆች እንዳያዝኑ ብለን የደስታውን ክፍል ብቻ እንነግራቸዋለን። ዳዊት ግን እንዲህ አላደረገም። ልጅ የአያቱን ደስታ ብቻ ሰምቶ ካደገ፣ በራሱ ላይ መከራ በደረሰ ቀን እግዚአብሔር እርሱን ብቻ የተወው ይመስለዋል። ልቅሶውንም ከሰማ ግን፣ አያቴም እዚህ ቦታ ቆማ ነበር፣ ከዚህም አልሸሸችም ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ርስት የለንም። መሬት ተወስዶብን ነበር፤ ይህን ግን የወሰደብን የለም።

ነገ ወደ ተራራው ስንወጣ፣ ጉልበቱ የሚችል ይውጣ፤ የማይችልም በቤቱ ሆኖ ፊቱን ወደ መቅደሱ ያዙር። ቀሳውስቱ በግዕዝ ሲያነቡ፣ ያልገባውም አሜን ይበል። ያመሰገነ ያመስግን፤ ጥያቄ ያለውም ጥያቄውን ይዞ ይስገድ። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ተጽፈዋል፤ በአንድ ተራራም ላይ ይቆማሉ።

የእስራኤል አምላክ እግዚአብሔር ለታመሙት ፈውስን፣ ላዘኑት መጽናናትን፣ ለሚጠብቁት መገናኘትን ይስጥ። በበረሃ የቀሩትን ወገኖቻችንን በአባቶቻችን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍ። ልጆቻችንን ከክፉ ይጠብቅ፤ አገራችንን ሰላም ያድርግ። ለሚመጣው ዓመት በሕይወት፣ በኢየሩሳሌም፣ በአንድነት ያድርሰን።

አሜን፤ አሜን። መልካም የስግድ በዓል ይሁንላችሁ።